ነዳጅ ሲቀዳና ተጨማሪ መሣሪያ ሲገጠም፡- ከመንግሥት ተሽከርካሪዎች አያያዝ የተዘነጋው ክፍል

በነዳጅ ማደያዎች ምሰሶ ላይ የሚለጠፈው፣ ማጨስም ሆነ ሞባይል ስልክ መጠቀም ክልክል መሆኑን የሚገልጸው ማስጠንቀቂያ ለአሽከርካሪዎች አዲስ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ክፍያ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ተወስኖ አሠራሩ ከአዲስ አበባ ወደ ክልሎች ከሰፋ ወዲህ ግን ያው ስልክ የክፍያ መሣሪያ ሆኖ ከማስጠንቀቂያው ሥር መከፈት ጀምሯል። በዚህም የተነሳ አሽከርካሪው በአንድ በኩል ስልኩን እንዲያጠፋ፣ በሌላ በኩል በስልኩ እንዲከፍል የሚጠየቅ ይመስላል። ተሽከርካሪ የሚያሠማሩና የሚያስተዳድሩ የሥራ ክፍሎች ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ሊኖራቸው ይገባል። መልሱን ለማግኘትም አስቀድሞ በማደያ ውስጥ አደጋው በእርግጥ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቤንዚን በእሳት የሚያያዘው ፈሳሹ ሳይሆን ከፈሳሹ የሚወጣው ትነት ከአየር ጋር ሲቀላቀል ነው። ይህ ትነት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚጠጋ ቅዝቃዜ ውስጥ እንኳ ለመቀጣጠል በሚበቃ መጠን ስለሚወጣ በማንኛውም የአገሪቱ የአየር ጠባይ የቤንዚን ታንክ ክዳን በተከፈተ ቁጥር ዙሪያው ለአፍታም ቢሆን ተቀጣጣይ ይሆናል። ትነቱ ከአየር ከሦስት እስከ አራት እጥፍ የሚከብድ በመሆኑ ወደ ላይ አይበንም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ በመኪናው ሥርና በቦይ ውስጥ ይተኛል። በአየሩ ውስጥ ያለው መጠን ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ሲሆን አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ከባሕር ወለል ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያነሰ መሆኑ ደግሞ ትነቱ ይበልጥ እንዲፈጥን ያደርጋል። ናፍጣ በአንጻሩ 55 ዲግሪ አካባቢ እስኪሞቅ ድረስ እንዲህ ያለ ትነት አይሰጥም። ሆኖም የናፍጣ መኪና የሚቀዳው ብዙውን ጊዜ ከቤንዚን መቅጃ ጎን ቆሞ በመሆኑ አሽከርካሪው ጥንቃቄውን መተው አይችልም።

ብልጭታውን በመፍጠር ረገድ ብዙም ትኩረት ያላገኘው ምክንያት በፍትጊያ የሚፈጠረው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ነው። ሰው ከመኪና ወንበር ላይ ተንሸራትቶ ሲወርድ ልብሱና የወንበሩ ጨርቅ በመፋተጋቸው በአካሉ ላይ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል። በተለይ በበጋ ወራት አየሩ ደረቅ ሲሆንና ልብሱ ከሰው ሠራሽ ጨርቅ የተሠራ ከሆነ ክምችቱ እስከ 10 ሺህ ቮልት ሊደርስ ይችላል። የቤንዚንን ትነት ለማቀጣጠል የሚያስፈልገው ጉልበት ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊጁል ብቻ ሲሆን፣ 10 ሺህ ቮልት የተሸከመ ሰው ብረት ሲነካ የሚለቀው ወደ 5 ሚሊጁል ይጠጋል። የመኪና በር ሲነካ ጣት ላይ የሚሰማው ያ ትንሽ ንዝረት ራሱ ከሚፈለገው በላይ ነው ማለት ነው። ንዝረቱ በሩ ላይ ቢያልቅ ጉዳት የለውም፤ ችግሩ ክፍት በሆነው የታንክ አፍ አጠገብ ሲሆን ነው።

በዩናይትድ ስቴትስ የሚገኘው የፔትሮሊየም መሣሪያዎች ኢንስቲትዩት በነዳጅ ቅጂ ወቅት የተነሱና ከስታቲክ ጋር የተያያዙ ከ150 በላይ የእሳት አደጋ ሪፖርቶችን ለዓመታት ሲያሰባስብ ቆይቷል። ከእነዚህ መካከል ጉልህ ድርሻ የያዙት ሰዎች ነዳጁ እየተቀዳ ወደ መኪናው ተመልሰው ገብተው፣ ከዚያም ወጥተው መቅጃውን በነኩበት ቅጽበት የተከሰቱ ናቸው። በአንጻሩ ሞባይል ስልክ እሳት ለማስነሳቱ ተቋሙ ያረጋገጠው አንድም አጋጣሚ አልነበረም። ይህ ማለት ግን ማስጠንቀቂያው ይነሳ ማለት አይደለም። ስልክ የሰውን ትኩረት ይሰርቃል፤ ወድቆ የሚሰበር ባትሪም የራሱ አደጋ አለው። ነገር ግን በአሁኑ አሠራር ትልቁ ሥጋት ስልኩ ሳይሆን ስልኩን ለማምጣት ሲባል የሚደረገው መመላለስ ነው። አሽከርካሪው ወርዶ ክዳኑን ይከፍታል፤ ለመክፈል ወደ ወንበሩ ይመለሳል፤ የክፍያ ቁጥሩን አስገብቶ እንደገና ይወርድና የመቅጃውን ቆጣሪ ለማየት ወደ ታንኩ ይጠጋል። ይህ እንቅስቃሴ ሪፖርቶቹ ከገለጹት ሁኔታ ጋር ተመሳሳይ ነው።

መፍትሔው ቀላልና ወጪ የማይጠይቅ ነው። ክፍያው መቅጃው ወደ ታንኩ ከመግባቱ በፊት ወይም ወጥቶ ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ፣ ከታንኩ ጥቂት ሜትሮች ራቅ ብሎ ይፈጸማል። አሽከርካሪው ስልኩንና የጉዞ መዝገቡን ይዞ አንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ከወረደ በኋላ ከታንኩ ርቆ የሚገኘውን የመኪናውን ብረት በባዶ እጁ ይነካል፤ ቅጂው እስኪያበቃም ተመልሶ አይገባም። የግድ ከገባ መቅጃውን ከመንካቱ በፊት እንደገና ብረት መንካት አለበት። ለማደያው ሠራተኛም ቢሆን ይኸው ይሠራል።

ሞተርን ማጥፋት የታወቀ ግዴታ ቢሆንም በመንግሥት ተሽከርካሪዎች ላይ የሚጣስበት የራሱ ምክንያት አለው። በኋላ ወንበር የተቀመጡ የሥራ ኃላፊ ስብሰባ እንዳይረፍድባቸው ወይም አየር ማቀዝቀዣው እንዳይቋረጥ ሲባል መኪናው ሳይጠፋ የሚቀዳበት ጊዜ አለ። አሽከርካሪው ኃላፊውን "ሞተሩን ላጥፋ፣ እርስዎም ይውረዱ" ለማለት ይቸገራል። በመሆኑም ይህ ትእዛዝ ከአሽከርካሪው አፍ ሳይሆን ከመሥሪያ ቤቱ የውስጥ መመሪያ መምጣት ይኖርበታል። በጽሑፍ የሰፈረ ደንብ አሽከርካሪውንም ኃላፊውንም ከመተፋፈር ያድናል። ሕፃናትና አቅመ ደካሞች ካሉ ከመኪናው ሳይወርዱ መቆየታቸው ሊታለፍ ይችላል፤ ሞተሩና ከባትሪው የሚሠሩ ተጨማሪ መሣሪያዎች ግን ያለ ልዩነት መጥፋት አለባቸው። የመገናኛ ሬዲዮ የተገጠመላቸው የፖሊስ፣ የአምቡላንስና የመስክ ተሽከርካሪዎችም በቅጂ ወቅት መልእክት ማስተላለፍ የለባቸውም። የእነዚህ ሬዲዮዎች የማሠራጫ ኃይል ከሞባይል ስልክ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነውና።

ታንክን እስከ አፉ መሙላት ሌላው የተለመደ ስህተት ነው። መቅጃው በራሱ ሲቆም ታንኩ ሞልቷል፤ የቀረው ቦታ ነዳጁ ሲሞቅ የሚሰፋበት ነው። ቤንዚን በእያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት በ1 ሺህ ሊትር አንድ ሊትር ገደማ ይሰፋል። በማለዳ ብርድ በአዲስ አበባ 60 ሊትር ሞልቶ የተነሳ መኪና ወደ መተሐራና አዋሽ ሲወርድ የነዳጁ ሙቀት በ20 ዲግሪ ቢጨምር፣ ከአንድ ሊትር በላይ የሚሆን ተጨማሪ መጠን መውጫ ይፈልጋል። ያ ነዳጅ የሚፈስሰው የጋለው መኪና ፀሐይ ላይ በቆመበት ሰዓት ነው።

ከማደያ ርቀው በሚገኙ ወረዳዎች የሚሠሩ ባለሙያዎች ነዳጅ በጀሪካን መያዛቸው አይቀሬ የሚሆንበት ሁኔታ አለ። የሚመለከተው አካል በፈቀደበት አግባብ ሲቀዳም ጀሪካኑ ከፒክ አፑ ላይ ወርዶ መሬት ላይ መቀመጥ አለበት። ምክንያቱ ለብዙዎች ግልጽ አይደለም። የዩናይትድ ስቴትስ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም በ1998 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ የጭነት ወለላቸው በፕላስቲክ በተሸፈነ ፒክ አፖች ላይ ጀሪካን እንደተቀመጠ ሲሞላ እሳት መነሳቱን አስታውቋል። በቱቦ ውስጥ የሚፈስሰው ነዳጅ ራሱ ስታቲክ ይፈጥራል፤ መሬት ላይ የተቀመጠ ዕቃ ይህን ወደ መሬት ያወርዳል፤ በፕላስቲክ ወይም በምንጣፍ ላይ የተቀመጠው ግን ያጠራቅመዋል። በቅጂው ጊዜ ሁሉ የመቅጃው ጫፍ ከጀሪካኑ አፍ ሳይለይ መያዝ፣ ቀስ ብሎ መቅዳትና ለመስፋፊያ ጥቂት ቦታ መተው ያስፈልጋል። የውኃ መያዣ ፕላስቲክ ለቤንዚን የተሠራ አይደለም፤ ተሳፋሪ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥም ነዳጅ መጫን አይገባም።

የግብርና፣ የጤናና የሌሎች ዘርፎች ባለሙያዎች የሚገለገሉባቸው ሞተር ብስክሌቶች ደግሞ ልዩ ትኩረት ይሻሉ። የሞተር ብስክሌት ታንክ በአሽከርካሪው ጉልበቶች መካከል፣ በጋለው ሞተር አናት ላይ የተቀመጠ ነው። ባለሙያው ሳይወርድ፣ ከፕላስቲክ ዕቃ በማጥለያ እያንቆረቆረ ሲቀዳ ጠብታው የሚያርፈው በጋለው ብረት ወይም በራሱ ልብስ ላይ ይሆናል። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ወርዶ፣ ጥቂት ደቂቃ አቀዝቅዞ መቅዳት ከዚህ አደጋ ያድነዋል። ቤንዚን የፈሰሰበት ልብስም ከሰውነት ከመውለቁ በፊት በውኃ መራስ ይኖርበታል፤ ደረቁ ልብስ ሲወልቅ ከፍትጊያው ብልጭታ ሊወጣ ይችላልና።

በመስክ ላይ ነዳጅ ሲያልቅ ከሌላ መኪና በቱቦ በአፍ ስቦ መውሰድ እንደ ብልሃት የሚቆጠር ልማድ ነው። ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ወደ አፍ የገባው ጥቂት ቤንዚን ወይም ናፍጣ በትንታ ወደ ሳምባ ቢወርድ ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል የሳምባ ጉዳት ያስከትላል። ነዳጅ የዋጠ ሰው ማስመለስ የለበትም፤ ሲያስመልስ እንደገና ወደ ሳምባው ሊገባ ስለሚችል በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። በጥቂት ብር የሚገዛ የእጅ መሳቢያ በእያንዳንዱ የመስክ መኪና ውስጥ እንዲኖር ማድረግ የስምሪት ክፍሉ ኃላፊነት ሊሆን ይገባል።

በቅጂ ወቅት እሳት ቢነሳ የመጀመሪያው የሰው ስሜት መቅጃውን መንቀል ነው። ይህ ነዳጁን በየአቅጣጫው ስለሚረጨው እሳቱን ያስፋፋዋል። መቅጃው ባለበት ትቶ መራቅ፣ ተሳፋሪዎችን ማውረድና የማደያው ሠራተኛ የአደጋ ጊዜ ማቋረጫውን እንዲጫን መጮህ ይሻላል። የሚነደውን ነዳጅ በውኃ ማጥፋት አይቻልም፤ ለዚህ የሚውለው የዱቄት ማጥፊያ ወይም አሸዋ ነው።

ቤንዚን በናፍጣ መኪና ውስጥ በስህተት የሚቀዳበት አጋጣሚም አለ። ናፍጣ ከማንደድ ባሻገር የከፍተኛ ግፊት ፓምፑን ክፍሎች የሚያለሰልስ በመሆኑ ቤንዚን ሲገባበት ብረት ከብረት ጋር ይፋተጋል፤ የሚላጠው ብናኝም መላውን የነዳጅ ሥርዓት ያበላሻል። ስህተቱ እንደታወቀ ሞተሩን አለማስነሳት ብቻ ሳይሆን ቁልፉንም አለማዞር ያስፈልጋል፤ በብዙ መኪኖች ቁልፉ ሲዞር ፓምፑ ሥራ ይጀምራልና። መኪናውን ገፍቶ ከቦታው ማንሳትና ታንኩን ማስገልበጥ ከሞተር ጥገና ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የማይባል ወጪ ነው። አሽከርካሪው ስህተቱን በመናገሩ ብቻ የሚቀጣ ከሆነ ግን ደብቆ መንዳቱ አይቀርም። ይህ ለአስተዳደር ኃላፊዎች የሚተው ጉዳይ ነው።

ነዳጅና ኤሌክትሪክ የሚገናኙት ግን በማደያ ውስጥ ብቻ አይደለም። መሥሪያ ቤቶች የነዳጅ ብክነትንና ስርቆትን ለመቆጣጠር በተሽከርካሪዎቻቸው ላይ የጂፒኤስ መከታተያና የነዳጅ መጠን መለኪያ ማስገጠም ጀምረዋል። ዓላማው የሚደገፍ ነው። ይሁንና መለኪያው ዘንግ መሰል ሆኖ ወደ ታንኩ የሚገባ ከሆነ ታንኩን መብሳት ይጠይቃል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስተው ባዶ ታንክ ከሙሉው ይልቅ አደገኛ መሆኑ ነው፤ ነዳጁ ቢወጣም ትነቱ ይቀራል፤ በውስጡ የገባው አየርም ድብልቁን ለመፈንዳት ያመቸዋል። የድሪል ሙቀትና ብልጭታ የቀረውን ይጨርሳል። ስለዚህ ታንኩ ከመኪናው ወርዶ፣ ታጥቦና ትነቱ በሚገባ ወጥቶለት ካልሆነ በስተቀር መበሳት የለበትም። በጊቢ ጥላ ሥር በግማሽ ሰዓት ገጥሞ ለመሄድ የሚያቅድ ድርጅት ሲቀርብ የግዥ ክፍሉ ስለዚህ አሠራር በጽሑፍ ሊጠይቀው ይገባል። በተጨማሪም መለኪያው በነዳጅ ውስጥ እንዲሠራ ተብሎ የተሠራና ብልጭታ ለመፍጠር የሚበቃ ኃይል ወደ ታንኩ የማያደርስ መሆን አለበት። በታንኩ ውስጥ የቀረ የብረት ብናኝም በኋላ ማጣሪያውንና ፓምፑን እንደሚጎዳ መታወስ ይኖርበታል። መኪናው አስቀድሞ ከፋብሪካ የመጣበት የነዳጅ ልኬት ለቁጥጥሩ የሚበቃ ከሆነ ታንኩን ሳይነኩ ከዚያ መረጃውን መውሰድ የተሻለው አማራጭ ነው።

ከመለኪያው ውጭ ያሉት ተጨማሪ መሣሪያዎች፣ ማለትም ቴፕ፣ አላርም፣ የመንገድ ካሜራ፣ ተጨማሪ መብራት፣ የአምቡላንስ ሳይረንና ላፕቶፕ ለመሙላት የሚውል ኢንቨርተር፣ ጉዳታቸው የሚመጣው በአብዛኛው ከመሣሪያው ሳይሆን ከገመዱ ነው። አንድ የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ብቻ ስለሆነ ሰውን አይገድልም፤ ይህም ሰዎችን ያዘናጋል። ነገር ግን ያው ባትሪ ሞተሪኖውን ለማዞር በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር የሚሰጥ ነው። ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ የተወሰደ ቀጭን ገመድ በኮፈኑ ሥር ከስለታም ብረት ጋር ተፋትጎ ሽፋኑ ቢላጥ፣ ያ ሁሉ አምፔር በገመዱ ውስጥ ያልፋል። ገመዱ በሰከንዶች ውስጥ ይግላል፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ አጠገቡ የነዳጅ ቱቦ ካለ ውጤቱን መገመት አያዳግትም። ቁልፉ ተነቅሎ መኪናው በጊቢ ቆሞ ሳለ በሌሊት የሚነሳ እሳት አንዱ መነሻ ይኸው ነው።

ይህን የሚከላከለው ፊውዝ ነው። ፊውዝ መሣሪያውን ለመጠበቅ የሚገባ ነው የሚለው አስተሳሰብ የተሳሳተ ነው፤ ዋና ሥራው ገመዱን መጠበቅ ነው። በመሆኑም ቦታው ከመሣሪያው አጠገብ ሳይሆን ከባትሪው አጠገብ፣ ከ30 ሳንቲ ሜትር ባልራቀ ርቀት ላይ ነው። ፊውዙ በመሣሪያው ጎን ከተቀመጠ በባትሪውና በፊውዙ መካከል ያለው ረጅም ገመድ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ስሌቱም ከባድ አይደለም። እያንዳንዳቸው 60 ዋት የሆኑ ሁለት ተጨማሪ መብራቶች 120 ዋት ናቸው፤ ለ12 ሲካፈል 10 አምፔር ይሆናል። ለዚህ 15 አምፔር ፊውዝ፣ ያንን በምቾት የሚሸከም 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድና በመቀያየሪያው ፋንታ ኃይሉን የሚያስተላልፍ ሪሌይ ይበቃል። ፊውዝ ሲበጠስ በከፍተኛ አምፔር መተካት፣ ይባስ ብሎም በሲጋራ ወረቀት ወይም በሽቦ መጠቅለል ጠባቂውን ከሥራ ማባረር ነው።

300 ዋት ኢንቨርተር በሲጋራ ማቀጣጠያ ሶኬት ላይ መሰካትም በዚሁ ስሌት የማያስኬድ መሆኑ ይታያል። 300 ለ12 ሲካፈል 25 አምፔር ነው፤ የኢንቨርተሩ ብክነት ሲታከልበት ወደ 30 ይጠጋል። ሶኬቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 አምፔር የተመደበለት ነው። ለአንድ ላፕቶፕ ሶኬቱ በቂ ነው፤ ማተሚያ መሣሪያ ለማሠራት ግን ከባትሪው የተለየ መስመር ያስፈልጋል። በአውቶቡሶችና በከባድ መኪኖች ላይ ያለው ኃይል 24 ቮልት በመሆኑ ለ12 ቮልት መሣሪያ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ መስመር መሳብ ባትሪዎቹ ሳይመጣጠኑ ቀርተው ያለ ጊዜያቸው እንዲሞቱ ያደርጋል፤ ለዚህ የተሠራ መቀነሻ መግጠም ይገባል።

አነስተኛ መስሎ የሚታየው ሌላው ጉዳይ መኪናው ጠፍቶ ሳለ የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ነው። 50 ሚሊ አምፔር የሚስብ አንድ መከታተያ በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ይወስዳል። 60 አምፔር ሰዓት ከሚይዝ ባትሪ ላይ በ30 ቀናት 36 ይጎድላል፤ ይህም ከግማሽ በላይ ነው። ካሜራና አላርም ከተጨመሩበት ሁለት ሳምንት ሊበቃው ይችላል። በበጀት መዝጊያ ወይም በመለዋወጫ እጥረት የቆመ መኪና ባትሪው ሞቶ ሲገኝ ጥፋቱ በባትሪው አቅራቢ ላይ ይላከካል። ለአምቡላንስ ደግሞ ጉዳዩ የባትሪ ዋጋ አይደለም፤ ወላድ ልትወስድ ሌሊት የተጠራች መኪና አለመነሳቷ ነው። ከአዲስ ገጠማ በኋላ ባለሙያው መኪናው ጠፍቶ፣ በሮቹ ተዘግተው የሚፈጀውን መጠን በአምፔር መለኪያ ለክቶ በርክክብ ሰነዱ ላይ እንዲያሰፍር ማድረግ ይቻላል፤ የሚወስደውም ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

አንዳንድ መከታተያዎች ከርቀት በሚላክ ትእዛዝ መኪናውን የማቆም አቅም አላቸው። ሪሌያቸው በነዳጅ ፓምፑ መስመር ላይ ከተገጠመ በጉዞ ላይ ያለ መኪና በድንገት ሊጠፋ፣ የመሪውና የፍሬኑ አጋዥ ኃይልም ሊቋረጥ ይችላል። የሪሌዩ መበላሸት ወይም የግንኙነቱ መላላት ብቻ፣ ማንም ትእዛዝ ሳይሰጥ፣ ይህንኑ ያስከትላል። ሪሌዩ በሞተሪኖው መስመር ላይ ከገባ ግን የጠፋ መኪና እንዳይነሳ ያደርጋል እንጂ የሚሄደውን አያቆምም። ይህ ልዩነት በግዥ ዝርዝር ውስጥ አንድ መስመር ብቻ የሚወስድ ሲሆን ሰውን ከገደል አፋፍ የሚያድንበት ጊዜ ሊኖር ይችላል።

የአየር ከረጢት ያላቸው መኪኖች ላይ ገመድ ሲዘረጋ ባለሙያው በቢጫ ማገናኛ የሚታወቁትን መስመሮች ከመንካት መቆጠብ አለበት። ከረጢቱ የሚነፋው ከሰከንድ መቶኛ ክፍሎች በጥቂቱ በመሆኑ በዳሽቦርዱ ላይ ከፊቱ የተለጠፈ የስልክ መያዣ ወይም ካሜራ ወደ ተሳፋሪው ፊት የሚወረወር ድንጋይ ይሆናል። በፋብሪካው የገመድ ጥቅል ላይ ቆርጦ በመግባት በናስትሮ መጠቅለልም የተለመደ ቢሆንም ናስትሮው በሙቀት ይላቀቃል፤ በተሻለ መንገድ ለመሥራት ለመኪናው የተዘጋጀ ማገናኛ መጠቀም ያስፈልጋል። ማንኛውም ሥራ ከመጀመሩ በፊትም የባትሪው አሉታዊ ጫፍ መጀመሪያ ይፈታል፤ ሲመለስ መጨረሻ ይታሰራል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በመሥሪያ ቤቶች ጊቢ እየተበራከቱ ነው። ነዳጅ የላቸውም ማለት ከዚህ ጉዳይ ነፃ ናቸው ማለት አይደለም። ዋና ባትሪያቸው በአብዛኛው ከ300 ቮልት በላይ ሲሆን መስመሮቹ በብርቱካናማ ቀለም የተለዩ ናቸው፤ ይህ ኃይል ይገድላል። ቴፕም ሆነ መከታተያ የሚገጥም ባለሙያ ከእነዚህ መስመሮች ምንም መንካት የለበትም። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ለመብራትና ለመሰል አገልግሎት የሚውል የተለየ 12 ቮልት ባትሪ ስላላቸው ተጨማሪው መሣሪያ ከዚያ ብቻ፣ በፊውዝ በኩል ይወሰዳል። ይህ ትንሽ ባትሪ ሲሞት ዋናው ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው እንደማይነሳ ብዙ ተጠቃሚዎች የሚያውቁት ካጋጠማቸው በኋላ ነው።

የገጠማ ሥራ ሲጠናቀቅ መሥሪያ ቤቱ ከደረሰኙ ሌላ አንድ ወረቀት መቀበል ይኖርበታል። ወረቀቱ መሣሪያው ኃይሉን ከየት እንደወሰደ፣ ፊውዙ የት እንደተቀመጠና ስንት አምፔር እንደሆነ፣ ገመዱ በየት በኩል እንዳለፈ፣ መኪናው ጠፍቶ ስንት ሚሊ አምፔር እንደሚፈጅና ሥራውን ማን እንደሠራ ያሳያል። ቀጣዩ ኤሌክትሪሽያን በዳሽቦርዱ ሥር ያልታወቀ ገመድ ሲያገኝ በግምት እንዳይቆርጠው የሚረዳው ይህ ነው። የመድን ሽፋኑ በመኪናው ላይ የተጨመረ መሣሪያ እንዲገለጽ የሚጠይቅ መሆን አለመሆኑም አስቀድሞ ከውሉ ይታያል። ወረቀቱ በተሽከርካሪው ፋይል ውስጥ ተቀምጦ፣ መኪናው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲዛወር ከቁልፉና ከሊብሬው ጋር አብሮ ይረከባል።